ሁለቱ ጭረቶች፦ የሙሴ ቱሴን ዣሞት ዜና ሕይወት

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በዚህ አጥንት በሚሰብር ብርድ ሙሴ ቱሴን ዣሞትን ለመሸኘት ከየቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ቤተሰቡ ያመሰግናችኋል። ይህን የማነበው እኔ ኡቤር ማሊን ነኝ፤ የሟቹ ሚስት ወንድም፣ ከእሳቸው ጋር ዐርባ ሰባት ዓመት አብሬ የበላሁና የጠጣሁ፣ አብሬም ያጠፋሁ ሰው። ሙሴ ቱሴን ሊያርፉ አምስት ቀን ሲቀራቸው እጄን ይዘው፣ «ኡቤር፣ የመቀርቀሪያዋን ነገር ኦዲል ባለችበት ሳታነብ እንዳትቀብረኝ» ብለው አስምለውኛል። ኦዲል የልጃቸው የሴርቬ ሚስት ናት፤ ይኸው ከፊቴ ቆማለች። መጀመሪያ የጻፍኩት ወረቀት ይህ ነገር አልነበረበትም፤ ያማረ ወረቀት ነበር፤ ነገር ግን መሐላው አላስተኛ ብሎኝ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ይኼኛው ያን ያህል አያምርም፤ ታገሡኝ።

ሙሴ ቱሴን ከአባታቸው ከሙሴ ኖኤል ዣሞትና ከእናታቸው ከማዳም ባርብ በ1848 ዓ.ም.፣ በቅዱሳን ሁሉ በዓል ዕለት፣ በሜዝ ወንዝ ዳር በዚችው በሸራት መንደራችን ተወለዱ፤ ስማቸውም ከበዓሉ የተወሰደ ነው። አባታቸው የጠመንጃ ብረት ሞራጅ ነበሩ፤ እንደ መንደራችን ቤት ሁሉ የእነርሱም ቤት ብርሃን የሚገባበት ትልቁ መስኮት ሥር ብረት የሚያዝበት ሞርሳ ተተክሎበት፣ ጎጆው መኖሪያም ፋብሪካም ነበር። እናታቸው ደግሞ ያለቀውን ሥራ በጀርባቸው ቅርጫት ተሸክመው ሊየዥ ከተማ ለነጋዴው እያደረሱ፣ ሲመለሱ ያልተሠራውን ብረት ይዘው፣ መንገድ ለመንገድም ካልሲ እየሠሩና ጎረቤት እያሙ የሚመላለሱ ብርቱ ሴት ነበሩ።

ትምህርታቸውን በሰበካው ካህን ዘንድ ሦስት ክረምት ተከታትለው ማንበብና ጸሎት ከለዩ በኋላ አባታቸው ዘንድ ተመልሰው ሞያውን ተማሩ። የሞያው ምሥጢር ጥላሸት ነበር። አንዱን ብረት በመብራት ጭስ አጥቁረው ከሌላው ጋር ይገጥሙታል፤ ሲያላቅቁት ጥላሸቱ የተጠረገበት ቦታ ጎበጥ ያለ ነውና እዚያ ላይ ሞረድ ያሳርፋሉ፤ ደግሞ ያጠቁራሉ፣ ደግሞ ይገጥማሉ፤ እንዲህ እያደረጉ ሁለቱ ብረቶች በመካከላቸው ፀጉር እስካያሳልፉ ድረስ ይደክማሉ። ይህንን እኛ ማጋባት እንለዋለን። የተጋባ ብረት ለሌላ አይሆንም፤ ወታደሩ ጠመንጃው ሲሰበርበት ከባልንጀራው ነቅሎ የሚተካበት መንገድ ስላልነበረ ወደ ሞራጁ መስኮት ይመልሰው ነበር። ሥራው ሲያልቅም እያንዳንዱ ሞራጅ ከማይታይ ቦታ ላይ የቤቱን ምልክት ያኖራል፤ የዣሞት ቤት ምልክት ሁለት ዘመም ያሉ ጭረቶች ነበሩ። በሃያ ዓመታቸው ሁለቱ ጭረቶች ያሉበት ብረት ሊየዥ ሲደርስ ነጋዴው ሳያገላብጥ ይቀበለው እንደነበር የዚያን ጊዜ ሰዎች ይመሰክራሉ።

ሰኞ ሰኞ እንደ መንደሩ ሥርዓት ሞረድ ሳያነሡ፣ እርግቦቻቸውን ለውድድር እያበረሩ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር የጥድ አረቄ እየቀመሱ ይውሉ ነበር። ሰነፍ ግን አልነበሩም፤ ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ የሞረዳቸው ድምፅ ከሁሉ ቀድሞ ይሰማል። «ሰኞን የማያከብር ሰው ጌታ አለው ማለት ነው» ሲሉ እኔም ስቄ ነበር፤ ኋላ ጌታ ከገዙት ሰዎች የመጀመሪያው እኔ ሆንኩ እንጂ።

በ1874 ዓ.ም. እህቴን ላምበርቲንን አገቡ፤ አገባቡም እንዲህ ነበር። ላምበርቲን ቅርጫት ተሸካሚ ስለነበረች ሥራቸውን ወደ ከተማ ትወስድ ነበር። አንድ ጊዜ አንዲት ብረት መልሳ አምጥታ፣ «ነጋዴው አልወደዳትም» አለቻቸው። ተበሳጭተው አስተካክለው ሰጧት። በሳምንቱ ያችኑ ብረት ይዛ ተመለሰች፤ በሦስተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ጊዜ በቁጣ ሊየዥ ድረስ ወርደው ነጋዴውን ቢጠይቁት ብረቷን ዓይቷት አያውቅም፤ ለካ ሦስቱንም ጊዜ ከቅርጫቱ ሥር ከድንች ጋር ተቀምጣ ኖሯል። «አንቺ ውሸታም!» ቢሏት፣ «ዳገቱን ሦስቴ የወጣሁት ለብረትህ መሰለህ እንዴ?» አለቻቸው። በዚያው ዓመት ተጋቡ። እግዚአብሔርም ሦስት ልጆች ሰጣቸው፤ ማሪ በሕፃንነቷ አረፈች፣ ካትሪን ዛሬ ከመካከላችን ናት፣ የመጨረሻውና ብቸኛው ወንድ ሴርቬ በ1884 ዓ.ም. ተወለደ።

ወደ 1890 ገደማ በሸለቆው ትልቁ ፋብሪካ ተተከለ። ለሠራዊቱ የሚሆነው አዲሱ ጠመንጃ በፋብሪካ መኪና ተቆርጦ፣ በመኪና ተበስቶ፣ በመኪና ተፍቆ የሚወጣ፣ የአንዱ አካል ለሌላው ሁሉ የሚሆን ነው ተባለ። የእኛ ሴቶች ቅርጫት የወታደር ብረት ማምጣቱን አቆመ፤ የቀረልን የአዳኞች ጠመንጃ ብቻ ሆነ፤ እሱም ለመንደሩ ግማሽ አልበቃም። የሞራጆች ማኅበራችን ተሰብስቦ ማንም ፋብሪካ እንዳይገባ ተማማለ። እኔ አምስት ልጆች ነበሩኝ፤ መሐላዬን አፍርሼ ገባሁ፤ የመለኪያ ሠራተኛም ሆንኩ። ሥራዬ ቀላል ነበር። ሁለት አፍ ያለው የብረት ልክ ይሰጠኛል፤ መቀርቀሪያው፣ ማለትም ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው ብረት፣ በአንደኛው አፍ መግባት አለበት፣ በሌላኛው መግባት የለበትም። ካለፈ ማኅተሜን እመታበታለሁ፤ ካላለፈ ወደ ውድቅ ሣጥን እጥለዋለሁ። ለዚህ ሞያ አያስፈልግም፤ ታማኝነት ብቻ ይበቃል።

ሙሴ ቱሴን በዚህ ተቀይመው ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገሩኝም። እሑድ እሑድ ምሳ አብረን እንበላለን፤ ነገር ግን ድንቹን በእጄ አይሰጡኝም፤ «ላምበርቲን፣ ለወንድምሽ ድንች አቀብዪው» ይላሉ። እኔም፣ «ላምበርቲን፣ ባልሽን አመስግኚልኝ» እላለሁ። እህቴ በመካከላችን እንደ ቴሌግራፍ ሽቦ ሆና ኖረች። በ1893 ክረምት ግን ታመመች፤ ቤቱም የሚላስ የሚቀመስ አጣ፤ ሙሴ ቱሴንም በዐርባ አራት ዓመታቸው፣ ያውም ሰኞ ቀን፣ የፋብሪካው ደወል ሲደወል በበሩ ገቡ። መንደሩ ሁሉ በመስኮት ቆሞ ያያቸው ነበር። ማንም አልተሳደበም፤ ቢሰድቧቸው ይሻላቸው ነበር።

የተመደቡት በመጨረሻው መገጣጠሚያ ጠረጴዛ ላይ ነበር። እዚያ ሞረድ አያስፈልግም ተብሏል፤ እሳቸው ግን የአባታቸውን ሞረድ በእጅጌያቸው ደብቀው ይገቡ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ወደ እኔ ጠረጴዛ መጡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሰማኋቸው የመጀመሪያ ቃላት እነዚህ ናቸው፦

«ኡቤር፣ ይቺን ብረት ለምን ጣልካት?»

«ወፍራም ናት፤ መለኪያው አልተቀበላትም።»

«መለኪያው ማነው? አባቱን የማላውቀው! እስቲ በእጅህ ዳስሳት። እንዲህ ያለች ለስላሳ ብረት ትጣላለች?»

«ጋሼ፣ ወፍራም ከሆነች ቤቷ አትገባም፤ አለቀ።»

«ሙሽራዪቱ ወፈረች ተብሎ ትባረራለች እንዴ? ቤቷን ማስፋት ነው እንጂ! ማኅተምህን ምታባትና ለእኔ ተውልኝ።»

መታሁባት። ለምን ብትሉኝ፣ ሁለት ዓመት ያኮረፈኝ ሰው አናገረኝ፤ ደስ ብሎኝ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም። ሙሴ ቱሴንም ወፍራሟን መቀርቀሪያ ወስደው፣ የምትገባበትን ቤት በሞረዳቸው አስፍተው፣ በጥላሸት እየፈተኑ አጋቧት፤ ከእጀታዋም ሥር ሁለቱን ጭረቶች አኖሩባት። ጠመንጃዋ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ በለሰለሰ ድምፅ ትዘጋ ነበር። እንዲህ እያልን በሳምንት አንዲት፣ አንዳንዴም ሁለት፣ ወደ ሁለት ዓመት ያህል አሳለፍን። አንድ መኮንን ለምርመራ መጥቶ ከመደዳው አንዷን አንሥቶ ደጋግሞ ከፍቶ ዘግቶ፣ «ሁሉም እንደዚች በሆኑ!» ሲል ሙሴ ቱሴን ከሩቅ ሆነው ዐይናቸው እንባ አቅርሮ አየሁ። ምን ያህል እንደኮሩ ለማንም መናገር አይችሉም፤ እኔን ብቻ ጠቀሱኝ። መኮንኑ ያላወቀው፣ እኛ ግን የምናውቀው፣ ያች መቀርቀሪያ ከዚያች ጠመንጃ በቀር ሌላ ቤት እንደማይቀበላት ነው። ኋላ መኪኖቹ ሲሻሻሉ ወፍራም መውጣቱ ቀረ፤ እኛም ማንም ሳይዘን ተውነው፤ ረሳነውም።

ሴርቬ አድጎ እዚያው ፋብሪካ በመኪና ሠራተኛነት ገባ። መኪናውን ይወድ ነበር፤ እንደ አባቱ እርግቦች ይንከባከበው ነበር። አባትና ልጅ በእራት ሰዓት ሲከራከሩ መስማት ደስ ይለኝ ነበር። «አባዬ፣ አንተ አንድ ጥሩ ጠመንጃ ትሠራለህ፤ እኔ ሺህ እኩል ጠመንጃ እሠራለሁ። ወታደር የሚፈልገው እኩሉን ነው» ይላቸዋል። እሳቸውም፣ «ሺህ እኩል የሆነ ነገር ያየሁት የመቃብር መስቀል ብቻ ነው፤ ዝም ብለህ ሾርባህን ጠጣ» ይሉታል። በ1908 ዓ.ም. ሴርቬ ኦዲልን አገባ፤ ሊዮንም ተወለደላቸው። ሙሴ ቱሴንም በዚያው ዓመት ከፋብሪካ ወጥተው ወደ መስኮታቸውና ወደ እርግቦቻቸው ተመለሱ። እህቴ ላምበርቲን በ1911 አረፈች። እግዚአብሔር ቀድሞ ወስዶ ያተረፋት እሷ ናት።

በ1914 ነሐሴ ጦርነቱ መጣ። ሴርቬ የተጠባባቂ ጦር ነበርና በሠላሳ ዓመቱ ተጠርቶ በሊየዥ ዙሪያ ባሉት ምሽጎች መካከል በተቆፈረው ጉድጓድ ተሰለፈ። እንደ ወደቀ የሰማነው በሳምንቱ ነው፤ እንዴት እንደ ወደቀ ግን የሰማነው ከአራት ዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ አብሮት የነበረው ዢል ኮልሶን ከምርኮ ሲመለስ ነው። ዢል የሙሴ ቱሴን ወጥ ቤት ተቀምጦ፣ አባትን አጽናናለሁ ብሎ፣ በየዋህነት እንዲህ ሲል ተረከ፦

«አባባ ቱሴን፣ አልፈራም። ይህን እንዲያውቁ ብዬ ነው የመጣሁት። ጠዋት ላይ መቀርቀሪያ አውጥተን እየወለወልን ነበር፤ የስምንታችንም አንድ ሸራ ላይ ተዘርግቷል። ድንገት 'መጡ!' ተባለ። የማን የማን ነው የሚል የለም፤ ሁሉም ለሁሉም ይሆናል ተብለን የለ? ያገኘነውን አንሥተን ከተትን። የእኔ ገባ። የሴርቬ አልገባ አለ። 'ዢል፣ ይቺ ነገር አልገባ አለች' አለኝ። በመዳፉ ይመታታል፣ ይመታታል። ቀና ሲል ነው…»

ዢል ቀጠለና፣ «ኋላ ከእጁ አነሣኋት። ደህና ብረት ናት፤ ምን እንደነካት እንጃ። ከእጀታዋ ሥር ሁለት ትንንሽ ጭረት ነበረባት፤ እንደ እኛ ሞራጆች ምልክት» አለ።

ዢል የምልክቱን ባለቤት አላወቀም፤ ወላጆቹ ከወንዙ ማዶ ናቸው። ዛሬ ከእናንተ ጋር ይኸንን እየሰማ ነው። ዢል፣ ልጄ፣ አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም። እኔ በዚያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ሙሴ ቱሴን ወደ እኔ ዞረው ሲያዩኝ፣ እኔ መስኮቱን ማየት ጀመርኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እርግቦቹን አከፋፈሉ፤ ሞረድ አልነኩም፤ እንቅልፋቸው ሄደ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የድሮ የመለኪያ ልክ ከእኔ ለምነው በኪሳቸው ከትተው፣ በሰባ ዓመታቸው፣ በየሳምንቱ ሊየዥ ጦር ሰፈር በር ላይ ይቆሙ ጀመር። ያገኙትን ወታደር፣ «ልጄ፣ ጠመንጃህን አንድ ጊዜ አሳየኝ፤ ከእጀታዋ ሥር ያለውን ብቻ ልይ» ይሉት ነበር። ዘበኞቹ፣ «ኧረ ሽማግሌ፣ ይሂዱ ቤትዎ!» እያሉ ያባርሯቸዋል፤ አንዳንዱ ዳቦ ይሰጣቸዋል፤ ልጃቸውን በጦርነት ያጡ ናቸው፣ አእምሯቸው ተነክቷል ይላል። አእምሯቸው ጤነኛ ነበር። ከእነዚያ ጠመንጃዎች የቀሩ አሉና የሌላ ሰው ልጅ በመዳፉ ሲመታት ይታያቸው ነበር።

ሁለት ጭረት ያለባቸውን መቀርቀሪያዎች ፈልጋችሁ አውጡ ብዬ ለጦር ሰፈሩ ደብዳቤ ልጻፍ ሲሉ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ የተቀበረውን ነገር ምን ያስቆፍርሃል? ሞራጅ አጠፋ ቢባል፣ ማን አሳለፋት ብለው ይጠይቃሉ!» አልኳቸው። እሳቸውም፣ «እኔ ስለ ሴርቬ ነው የማወራው፤ አንተ ስለ ማን ነው የምታወራው?» አሉኝ። ሆኖም ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤው ሳይጻፍ እንዲቆይ አደረግሁ። ኦዲልም በእነዚህ ዓመታት እሑድ እሑድ ሾርባ ታመጣላቸው ነበር፤ «አባባ፣ ምን ሆነው ነው ፊቴን የማያዩኝ?» ስትላቸው ሰምቻለሁ። ልጄ፣ መልሱ ይኸው ነው።

ያለፈው መስከረም የዕድሜ ልክ የብረት ብናኝ ሳንባቸውን አድክሞት ከአልጋ ዋሉ። ነገር ግን በቀን አንድ ጊዜ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል፣ ደግፈናቸው ከሞርሳቸው ፊት ይቀመጡ ነበር። ከድሮው ዘመን አንዲት ወፍራም መቀርቀሪያ ቀርታላቸው ኖሮ እሷን ይሞርዱ ጀመር። ጥላሸት አልተጠቀሙም፤ የምትጋባት የለችምና። በመለኪያው ብቻ እየለኩ፣ እያረፉ፣ እየሳሉ፣ ሁለት ወር ሞረዷት። የኅዳር መጨረሻ ላይ አስማሉኝ፤ ደብዳቤውንም አጽፈውኝ ፈረሙበት። የሞራጆች ጠባቂ የቅዱስ ኤልዋ በዓል በዋለ ማግሥት፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1921 ዓ.ም.፣ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ነገር አደረግሁ። ደብዳቤውን ከስማቸው በታች የራሴን ስም ጽፌበት ፖስታ ቤት አስገባሁት። ከዚያም መለኪያውን ይዤ ሞርሳው ውስጥ ያለችውን ብረት ሳላወጣት ለካሁ። በአንደኛው አፍ ገባች፤ በሌላኛው አልገባችም። በየትኛውም ጠመንጃ ውስጥ ትገባለች። ጭረት የለባትም። በሕይወቴ ከእሳቸው እጅ ተቀብዬ በእውነት ያሳለፍኳት እሷን ብቻ ነው፤ ማኅተም ግን አልመታሁባትም፤ ማኅተሜ ምን ያህል እንደሚያወጣ ሰምታችኋል።

በእኛ ሥርዓት ሞራጅ ሲሞት ሬሳው ከቤት ሳይወጣ ወንድ ልጁ ሞርሳውን ያላላል፤ ነፍሱ በመንጋጋው ተይዛ እንዳትቀር ነው ይላሉ እናቶች። ዛሬ ሬሳቸው ሞርሳው ሳይከፈት ወጥቷል፤ ብዙዎቻችሁም አይታችሁ አጉረምርማችኋል። ልጁ የለም፤ እኔ ልክፈተው ብል እጄ አይገባውም፤ ሟቹም ራሳቸው፣ «ኦዲል ካልከፈተችው ማንም እንዳይነካው» ብለዋል። ኦዲል፣ ልጄ፣ በሩ አልተቆለፈም። ዛሬ ብትከፍቺው፣ ከዓመት በኋላ ብትከፍቺው፣ ወይም እንደተጨበጠ ብትተዪው፣ በዚህ መንደር ማንም አንቺን ክፉ ቃል እንዳይናገርሽ በማኅበሩ ፊት እለምናለሁ። እኔንም ቤትሽ አላስገባህም ብትዪኝ ሐቅ ነው፤ ደጅሽ ላይ እቆማለሁ።

ሙሴ ቱሴን ዣሞት ልጃቸውን ካትሪንን፣ የልጃቸውን ሚስት ኦዲልን፣ የልጅ ልጃቸውን ሊዮንን፣ ሦስት የእህት ልጆችን፣ እኔን፣ እንዲሁም የት እንዳሉ የማናውቃቸውን ሁለት ጭረት ያለባቸውን ብረቶች ትተው ሄደዋል።

ሰውን በሰው ልክ የማይመትር አምላክ፣ የወንድማችንን የቱሴንን ነፍስ መለኪያ በሌለው ምሕረቱ ይቀበልልን፤ ከልጃቸው ከሴርቬ ጋር ፊት ለፊት ሲያገናኛቸውም፣ ልጅየው ቀድሞ እንዲናገር ይፍቀድለት። አሜን።